የተለቀሰለት ኮት

«ቃሬዛውን እንዳትነኪ፤ የነካውን ይጠራል ይባላል» አሏት ጋሼ ደርበው ወርቅውሃን። እሳቸው ግን ራሳቸው ተደግፈውት ቆመዋል።

መቱ ላይ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ቀፎ ይሰቅላል ወይ ከጎረቤት ይካሰሳል። ጋሼ ደርበው የለቅሶ ዕቃ ሰበሰቡ። ከዳሪሙ የመጣ የመቃብር መቆፈሪያ፣ በጭቃ የተነከረ የሐዘን ኩታ፣ ቆዳው የረገበ የአልቃሽ ከበሮ፣ ሁሉንም በፊት ክፍላቸው ደርድረው «ሙዚየም» አሉት። ጎረቤት «የሙት ጓዳ» ይለዋል። ዶሮዋ የገባችባት ሴት እንኳ ከደጅ ሆና ነው የምትጠራት።

ወርቅውሃ ከባሏ ከጅራታ ጋር ከኖፓ በእግሯ የመጣችው ለጉብኝት አይደለም። መስኮቱ ስር የተንጠለጠለውን የካኪ ኮት ፈልጋ ነው። የመጀመሪያ ባሏ አምባዬ በጣሊያን ጊዜ ዱር ገብቶ በዚያው ቀረ። መርዶውንና ኮቱን ይዞ የመጣው አብሮት የዘመተው ጅራታ ነበር፤ «ከሬሳው ላይ ያወለቅሁት ነው» ብሎ። አስከሬን ከሌለ በልብስ ይለቀሳልና ኮቱ ተጣጥፎ አልጋ ላይ ተቀመጠ፣ ጋሻው ተደረበበት፣ አገር አለቀሰለት። እሷ ፊቷን ስትቧጥጥ ቀና ብላም አላየችው። ኮቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ከዚያ ጋሼ ደርበው እጅ ገባ። እሷም ዓመቱ ሲወጣ ጅራታን አገባች።

«ልቅበረው ጋሼ» አለች። «መቃብር የለውም። እኔም እንደ ሰው አንድ ቦታ ሄጄ አፈር ልሳም።»

«ከዕቃዬ ሁሉ የሚያምረውን? ይልቅ ቃሬዛውን ልስጥሽ!»

«ቃሬዛ ምን ያደርግልኛል? የሚሸከመኝ ቢኖር ከኖፓ በእግሬ እመጣ ነበር?»

ጋሼ ሳቁና ጅራታን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሺ ውሰጂው። ግን በድሮ ለቅሶ የሟቹን ልብስ ጓደኛው ለብሶ ይፎክርለት ነበር። አንዴ ይልበሰውና ልየው፤ ከዚያ የእናንተ ነው።»

«ማሎ ጋሼ! ማሎ፣ ይተዉኝ!» አለ ጅራታ በሩን እያየ። «የሙት ልብስ እኮ ነው።»

«ጥይት ያልፈራ ሰው ኮት ይፈራል?»

«ልበስላቸው በቃ» አለች ወርቅውሃ። «ምነው እንደ ሙሽራ መለመን! ለኔ ስትል።»

ለኔ ስትል ከተባለ ጅራታ እምቢ ብሎ አያውቅም። ኮቱን ተቀበለ።

ወርቅውሃ ሳቋን አዘጋጅታ ጠበቀች። አምባዬ ቁመቱ ከጆሮዋ አያልፍም ነበር፤ ጅራታ ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። እጅጌው ክርኑ ላይ ሊቀር ነው። እጅጌው ግን ወርዶ ወርዶ አንጓው ላይ ልክ ቆመ። ትከሻው ተቀመጠ። ‹የምርኮ ኮት ይሆናላ› አለች በሆዷ፤ ‹ምርኮ በልክ አይገኝም።›

ጅራታ መሬት መሬቱን እያየ ቀኝ እጁን ወደ ግራ ብብቱ ስር ሰደደ፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ነገር ቀጭ አለች።

ጋሼ ደርበው ጎንበስ ብለው ገለጥ አደረጉት። «እዚህ ቁልፍ አለ እንዴ? ዓመት ሙሉ አቧራውን ሳራግፍ አላየኋትም! አንተ እንዴት አገኘሃት?»

የጅራታ እጅ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ወርቄ…» አለ።

ወርቅውሃ ኮቱን ለመቀበል የዘረጋቻቸውን እጆች ሰበሰበች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ጀርባዋ ከቃሬዛው ጋር ተጋጨ።

«አምባዬን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?»

ጅራታ ኮቱን ሊያወልቅ ብብቱ ስር ይዳብሳል፤ ጣቶቹ ያችን ቁልፍ መፍታት አቃታቸው።