የቦራ ጨው

«ጨው ለልብም ለነርቭም ያስፈልጋል፤ እርስዎ ግን የዕድሜ ልክ ድርሻዎን ጨርሰዋል» ብሎ ሐኪሙ ግፊታቸውን ሲነግራቸው፣ ባሻ ይመኑ ያንን የወረዳውን ሴት ሁሉ ያሳበደ ፍንጭታቸውን ገልጠው ሳቁ። ቤት ሲደርሱ ሳቁ ቀረ። ሚስታቸው ወይዘሮ አዛለች ጨዉን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሰሩት። ወጡ ሁሉ እጣቢ እጣቢ አለ።

ባሻ ግን አላጉረመረሙም። ይልቁንም ዞር ብለው አይተዋት የማያውቋትን ላም፣ ቦራን፣ ወደዷት። ጠዋት ማታ «ጨው ላልሳት» እያሉ ለከብት የተተወውን አሞሌ ይዘው በረት ይገባሉ።

«ሕመም ሰው አደረጋቸው» አሉ ሚስታቸው ለጎረቤት።

ቦራ ግን ከሳች፤ ግድግዳ መላስ ጀመረች። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አገላብጦ አያትና «ጨው አጥታ ነው» አለ።

«ምን ሲደረግ! ጠዋት ማታ እያላሷት?» ወይዘሮ አዛለች አሞሌውን ከበረት አምጥተው አፍንጫው ሥር ደቀኑበት።

ሐኪሙ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰው።

«እማማ፣ ይሄኮ የተነከሰ ነው። ላም ከመቼ ወዲህ ነው ከላይ የፊት ጥርስ ያበቀለችው?»

ወይዘሮ አዛለች ንክሻውን ቀረብ ብለው አዩት። መሃሉ ላይ ክፍተት አለው። ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ባሻ፣ እስቲ አንዴ ሳቅ ይበሉልኝ።»