ምሳ አቅርቢ

ባቡር ነጂው ድሬዳዋ ሊገባ ሲል ለሚስቱ ለይቶ የሚነፋት ጥሩንባ ነበረችው፤ ትርጉሟ «ምሳ አቅርቢ» ነው።

ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱን ሣር ሲውጠው፣ የሚስትየዋ አእምሮ እዚያው ዘመን ላይ ቀረ። ጥሩንባ ካልሰማች እህል አትቀምስም። ስለዚህ ባልየው በየቀኑ ከጓሮ የእጅ ጥሩንባ ነፍቶ በፊት በር ይገባላት ነበር።

ትናንት ባልየው ታሞ ሐኪም ቤት ገባ፤ ጥሩንባም አልተነፋም።

«እትዬ፣ በሞቴ ጉረሺልኝ!» አለቻት ጎረቤቷ ዘምዘም።

«ባቡሩ ሳይገባ?»

ያኔ ከመንገድ ጥሩንባ ተሰማ። አሮጊቷ ፊቷ በርቶ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች በሩን ከፈተች።

«እንኳን ደህና ገባህ የኔ ጌታ! ምሳው ቀርቧል።»

ደጅ የቆመው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ፣ የሟቹን ስም ሊጠራ የከፈተውን አፉን መልሶ ገጠመ።