ከኮች የወጣ ቃል

"ቁጭ በል እንጂ ዴኔሽ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው እኔ ጋ ሲመጣ ብቻ ምን ያቆመዋል?" አለ በሃንጋሪዋ የኮች መንደር የሚኖረው ሽማግሌ ባላዥ፣ የመንኮራኩሩን እንጨት በመላጊያ እየላገ።

ሰረገላ ነጂው አልተቀመጠም። ቆቡን በሁለት እጁ ያሻል።

"ጋሼ፣ ከአንትወርፕ ነው የመጣሁት።"

መላጊያው ቆመ። የባላዥ ልጅ አምብሩሽ መንኮራኩር ሊሠራ ወደዚያ ከተማ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

"አየኸው?"

"አልደረስኩበትም። ያከራየችው ሴትዮ ናት የነገረችኝ። ታሞ ነበር፤ የሚሉትን ቢሰማም፣ ትኩሳቱ የለመደውን የሰው አገር ቋንቋ ሁሉ ከአፉ አጥፍቶበት፣ በሃንጋሪኛ ብቻ ይቃዥ ነበር አሉ። ለዘመድ እንላክ ብለው 'አገርህ የት ነው?' ይሉታል። 'ኮቺ' ይላል።"

"ታዲያ ምን ይበል? የኮች መንደር ልጅ ኮቺ አይደለም ወይ?"

"እነሱ መንደራችንን የት ያውቁና፣ ጋሼ! የሚያውቁት ሰረገላችንን ነው። 'ኮቺ ነው፣ የኮች ሥራ ነው' እያልን ሸጥንላቸው፤ ዛሬ እዚያ ማንም ይሥራው ማን፣ ሰረገላ ሁሉ ስሙ ኮቺ ሆኗል። ልጁ 'ኮቺ፣ ኮቺ' ባለ ቁጥር ሰረገላ አምጡልኝ የሚል መሰላቸው።"

ባላዥ ጉልበቱ ላይ የወደቀውን የእንጨት ፍቅፋቂ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

"አመጡለት?"

"አመጡለት። ደግፈው አወጡት። ሰረገላውን ሲያይ ፊቱ በራ አለችኝ። ያለው ገብቷቸው ወደ ቤቱ ሊወስዱት የመጡ መስሎት ነው። ያ ሁሉ አቅም ያጣ ሰው ራሱ እግሩን አንስቶ ወጣ። ነጂው ዞር ብሎ 'ወዴት ልንዳ?' ሲለው..." ዴኔሽ ቆቡን ደረቱ ላይ አደረገ። "ከግቢው ሳይወጡ፣ እዚያው ሰረገላው ላይ ነፍሱ ወጣች፣ ጋሼ።"

ባላዥ ቀና አላለም። "ኮቺ ነው፣ ኮቺ ነው" እያለ በየገበያው ሲጮህ የኖረው እሱ ራሱ ነበር።

የቤቱ በር ተከፈተና ሚስቱ ኦርሾያ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና ብቅ አለች።

"ዴኔሽ ነህ? እሰይ! የልጄን ወሬ ይዘህልኝ መጣህ? ይመጣል አለ?"

ዴኔሽ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። ባላዥ የለቀመውን ፍቅፋቂ መሬት ላይ በተነ።

"ተሳፍሯል" አላት።

"ምነው ታዲያ ቀደም ብላችሁ አትነግሩኝም!" ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ወዲያው የልጁ ፍራሽ ሲራገፍ ተሰማ።