የቀጠሮ ቀን ኪኒን

ቀልቤሳ ሠላሳ ዓመት ወንጂ ላይ ሸንኮራ ሲቆርጥ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። አዳማ ክሊኒክ ውስጥ በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ የሚመታውን የገዛ ልቡን ሰርቆ ያያል።

“አባባ፣ የልብዎ ጡንቻ ወፍሯል” አለች ሐኪሟ። “ከደም ግፊት ጋር ሲታገል የኖረ ልብ ነው እንዲህ የሚሆነው። ግን እኮ በመጡ ቁጥር ግፊትዎ ደህና ነው።”

“ንገራት እንጂ” አለች ሚስቱ ኡሙልኸይር ከወንበሯ።

“ኪኒኑን የምውጠው የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው” አለ ቀልቤሳ። “እናንተን ላለማሳፈር ብዬ።”

ሐኪሟ አልሳቀችም። መሣሪያውን ደረቱ ላይ እያንሸራተተች ብዙ ቆየች።

“የወፈረ ጡንቻ ብዙ ደም ይፈልጋል። ደም ያነሰው ጎን ቢኖር ደክሞ ይታየኝ ነበር፤ የእርስዎ ግን ሁሉም ጎን በደንብ እየሠራ ነው። ኪኒኑን በየቀኑ ከዋጡ ውፍረቱም ሊቀንስ ይችላል።”

ቀልቤሳ በረጅሙ ተነፈሰና ተነሥቶ ተቀመጠ። ኡሙልኸይር ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መጥታ ሸሚዙን አለበሰችው። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳተችው፤ ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ሳተችው።

“አትንቀሳቀስ እንጂ” አለችው።

ቀልቤሳ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ቁልፉ እንቢ ያለው የእሷን ጣቶች ነው።

“እሺ” አላት።