ከምቱ በፊት ያለው ዝምታ

ሥራዬ ፈጣን የኤሌክትሮኒክስ የጭፈራ ሙዚቃ ሳይሻክር ጮክ ብሎ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ሙዚቃው ከፍ ሲል ከሥሩ የተደበቀው ትንሽ ድምፅም አብሮ ይነሣል፤ እሱን እየለቀምኩ አጸዳለሁ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ፈሪድ ኮምቦልቻ ወዳለችው ክፍሌ አዲስ ሙዚቃ ይዞ መጣ። አምና ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲገለበጥ ከታላቅ ወንድሜ ከዑዘይር ጋር የነበረው እሱ ነው። «ወላሂ ወዲያው ነው የሞተው፤ አንዲት ቃል አልወጣውም» ብሎ ለእናታችን ምሎላታል።

«ባሽር፣ የደሴ ልጆች ጆሯቸውን እስኪይዙ ይጩህልኝ!» አለኝ እየሳቀ። «ትናንት ነው የጨረስኩት።»

ከፍ አደረግሁት። ምቱ ሊገባ ሲል ባለችው አጭር ዝምታ ውስጥ ሰው ተነፈሰ።

«ትንፋሽ አለው» አልኩት።

«አጽዳዋ!»

አላጸዳሁትም። ይልቅ ጨመርኩት።

«ፈሪድ፣ ጥለኸኝ አትሂድ» አለ ዑዘይር ከድምፅ ማጉያዎቹ ውስጥ። «ውሃ ስጠኝ።»

የፈሪድ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አጥፋው በአላህ!»

እናቴን እያሰብኩ ደግሜ ጨመርኩት።

«እስኪመሽ ጠራሁህ እኮ።»

ፈሪድ ዘሎ የድምፅ ማጉያዎቹን ገመድ ነቀለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሙዚቃው ቆሟል። ገመዱም እጁ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አሁንም ጠምቶኛል» አለ ወንድሜ።

ፈሪድ ወደ በሩ ሮጠ። ቀድሜው ደረስኩና ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

«ወዴት ነው?» አልኩት። «እየጠራህ እኮ ነው።»