የቫምፓየሩ ዕድል

ኦርቪል ለሚስቱ ለደርሊን ጮክ ብሎ የሚያነብላትን ልቦለድ መሃል ላይ አቆመ። የካንሰሩ መድኃኒት ከተሰቀለው ከረጢት ወደ ክንዷ ይንጠባጠብ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቱ ከከብት መድኃኒት መመሪያ በቀር ሌላ ነገር አንብቦ አያውቅም፤ ይህንን ደም እየመጠጠ ለዘላለም የሚኖር የቫምፓየር የፍቅር ታሪክ የጀመረውም ዓይኗ ስለደከመ፣ እያጉረመረመ ነበር። አሁን ግን ልቡ ተሰቀለ። ቫምፓየሩ በምትሞተው ፍቅረኛው ላይ አጎንብሶ፣ «አንዴ አንገትሽን ብነክስሽ አትሞችም» ብሏታል።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች ደርሊን ዓይኗን ሳትገልጥ። «የሞኝ ወሬ ነው ስትል አልነበር?»

«ነው እንጂ።» የመጽሐፉን ገጽ በአውራ ጣቱ ያዘ። «ሰውዬው ግን ታድሏል። ቢያንስ የሚያደርግላት ነገር አለው።»

ደርሊን ዓይኗን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሻሿን ገፋ አድርጋ ቀጭን አንገቷን ሰጠችው።

«በል እሺ፣ ንከሰኝ።»

«ጥርሴ እኮ ሰው ሠራሽ ነው።»

«መቼ ጠፋኝ! ከነብርጭቆው አይደል እንዴ ማታ ማታ አጠገቤ የምታሳድረው?»

ሳቋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ኦርቪል ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አንገቷ ላይ አሳረፈ። የደም ሥሯ ከከንፈሩ በታች ትር ትር ይል ነበር።

«አንብብልኝ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ» አለችው።

ቀና ማለት አልቻለም።