የዳማ ማረፊያ ሰዓት

«ሰባ አንድ» አለ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ጂራታ፣ ማዳመጫውን ከፈረሱ ደረት እያነሳ። «የልብ ምቱ ወደ ስልሳ አራት ካልወረደ አላሳልፈውም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ። ዘጠኝ ደቂቃ አላችሁ።»

የፈረሱ ባለቤት መንሱር ልጓሙን ጨብጦ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለዛሬ ብሎ የታላቅ ልጁን ሰርግ የደገሰበትን ሙሉ ልብስ ለብሷል። ክራቫቱ አንቆታል፣ ጫማው ጣቶቹን እየበላው ነው፤ ውድድሩን ሊያዩ በመጡት እንግዶች ፊት ግን ንቅንቅ አላለም።

ፈረሱ ዳማ የውድድሩን አርባ ኪሎ ሜትር ጨርሷል። ራውዳ፣ የመንሱር የመጨረሻ ልጅ፣ ከአቃቂ ሜዳ ጋልባው ተነስታ በቱሉ ዲምቱ ጀርባ ዞራ፣ በቂሊንጦ ማዶ አድርጋ ሦስተኛ ገብታለች። በዚህ ውድድር ግን መድረስ ብቻ አይበቃም። ፈረሱ በደረሰ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ልቡ ካልተረጋጋ፣ ወይም ሲሮጥ ካነከሰ፣ ያ ሁሉ መንገድ እንዳልተኬደ ይቆጠራል። መንሱር ይህን ሕግ መጀመሪያ የሰማ ዕለት ስቆ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብሎኬትና ስሚንቶ ሲጎትት የዳማን ልብ የጠየቀለት ሰው የለም፤ እሱ ራሱም ጭምር።

አሁን ሳቁ የለም። ዳማ ካለፈ ውድድሩን ያዘጋጀው የፈረስ ክለብ ለራውዳ የአሠልጣኝነት ሥራ ሊሰጣት፣ ፈረሱንም ሊወስድ ቃል ገብቷል። ከወደቀ ሰኞ ጠዋት ጋሪው ላይ ይጠመዳል። መንሱር ሰኞን ፈርቶ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ፈራ።

ራውዳ ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳች የፈረሱን አንገት ስታርስ ቆየችና እጇን ከግራ ብብቱ ሥር አስገብታ ቆጠረች።

«ሰባ ነው። አልወርድ አለ፣ አባዬ። ደግሞ አልደከመም እኮ፤ ትንፋሹ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አንተን እያየ ነው።»

እውነትም ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ መንሱር ተቀስረዋል።

«ሥራ አለ ብሎ ነው» አለች ራውዳ። «አንተ አጠገቡ ከቆምክ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድነው? ጭነት ነዋ። እስቲ ራቅ በልለት።»

ነገሩ መንሱርን ወጋው። ልጓሙን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ድንኳኑ አሥር እርምጃ ያህል ሄደ። ዳማ አንገቱን አዙሮ በዓይኑ ተከተለውና ሊከተለው አንድ እግሩን አነሳ። ራውዳ እጇን ከብብቱ ሥር ሳታወጣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጭራሽ ብሶበታል።

ስድስት ደቂቃ ቀረ። ይሄ ፍጡር የሚያርፈው መቼ ነው? ሲል መንሱር ራሱን ጠየቀ። የቀኑን ሶላት መስጊድ ገብቶ ሲሰግድ ዳማ ጋሪው ላይ እንደተጠመደ ደጅ ይጠብቀዋል። ሲመሽ ግን ጋሪው ይፈታና መንሱር ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት እየታጠበ ዉዱእ ያደርጋል። ያን ጊዜ ዳማ በረጅሙ ተንፍሶ ጭንቅላቱን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ተጠምዶ አያውቅም፤ በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን።

ተመለሰ። ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«አባዬ፣ ሰው እያየህ ነው።»

«ይይ።»

ካልሲውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ጀሪካኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «ቢስሚላህ» ብሎ እጁን ታጠበ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ መግሪብ የት አለና። አንዲት ባለባርኔጣ እንግዳ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። መንሱር አፈረ፤ ማፈሩ ግን አላስቸኮለውም። ቢቸኩል ዳማ የሚነቃበት መሰለው። ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን ታጠበ፣ ራሱን አበሰ። እግሩን ሲጀምር ከበላዩ ረጅም ትንፋሽ ሰማ።

«ዶክተር፣ ይምጡ» አለች ራውዳ በቀስታ።

ጂራታ ማዳመጫውን አስጠግቶ፣ ሰዓቱን እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ። «ስልሳ» አለ። «አሁን ደግሞ በሶምሶማ ልየው። እስከዚያ ምልክት ደርሶ መልስ፣ ልጓሙን አላልታችሁ።»

ራውዳ ሳበችው። ዳማ አልተነቃነቀም። በእሱ ቤት መሽቷል፤ በምሽት ማን ይሮጣል? አባበለችው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገችው። ዓይኑን ጭራሽ ሊከድን ምንም አልቀረው።

«ጋሼ መንሱር» አለ ጂራታ፣ ራሱም ቅር እያለው፣ «ካልሮጠ ማንከስ አለማንከሱን ማወቅ አልችልም። ያላየሁትን ደግሞ አልፈርምም።»

መንሱር በባዶ እግሩ ብድግ አለ። ልጓሙን ከልጁ ተቀበለና ቆመ። ጅራፍ የለ፣ ጋሪ የለ፤ ምን ማለት እንዳለበት ጠፋው። «ና በቃ፣ አብረን» አለና ራሱ መሮጥ ጀመረ፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ እየተገለበጠ። ዳማ ግራ ገብቶት ለአፍታ አየው። ሰውየው ሲሮጥ አይቶት አያውቅም። ከዚያ ተከተለው።

ልጓሙ በመካከላቸው ልል ብሎ ምልክቱን ዞሩ። ጂራታ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን እግሮች ሲያይ ቆይቶ ቀና አለ። «አልፏል፤ ይበቃል» ሲል ራውዳ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

መንሱር ሰምቷል፤ ግን አልቆመም። እየሮጠ ወደ ጎኑ ዞር አለ። ከጋሪው ላይ ሆኖ ሲነዳው ዘጠኝ ዓመት ያየው ጀርባውን ነው። ዳማ ሲሮጥ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየው ዛሬ ገና ነበር።